ከመደብ እስከ ሶፋ፦ የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ቤቶች ውስጣዊ ገጽታ ታሪክ

በሰሜን ሸዋ ደጋ የቤትን ውስጥ ከሁሉ በላይ ያዘዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ብርድና እንግዳ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በገላጣ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይነጋል። ወደ መንዝ ሲዘለቅ ያለው የጓሳ አምባ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደሉ አፋፍ ላይ ያለችው አንኮበር ከፍታዋ ዝቅ ቢልም ከቆላው የሚወጣ ጉም ይጋርዳታል። እንዲህ ባለ አገር ቤት በመጀመሪያ ሙቀት መያዣ ነው። ቀጥሎም ዘመድ አዝማድ፣ የነፍስ አባትና መንገደኛ እንደየክብሩ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። ኋላ የመጣው ጌጥና ዘመናዊነት፣ ከቤተ መንግሥት የወረደውም ከባሕር ማዶ የመጣውም፣ ለእነዚህ ለሁለቱ እየተገዛ ነው ቦታ ያገኘው።

ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው (የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ለከተማዋ ስም የሰጠውን የሰማይ ብርሃን በ1456 ከታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ ጸሐፊዎች አሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የመጨረሻ ዘመናቸውን አብዛኛውን ያሳለፉት በዚያው ነው። ይሁን እንጂ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬ ቆሞ አይታይም፤ አሁን ያለው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተሠራ ነው። ስለዚህ ሰው በቤቱ ውስጥ እንዴት እንደኖረ ለማወቅ መነሻ የሚሆነው የነገሥታቱ አዳራሽ ሳይሆን የገበሬው ቤት ነው። የገበሬው ቤት አሠራር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ደርሷልና።

የገበሬው ቤት ግድግዳ እንደየአገሩ ይለያያል። ከአንኮበር አጠገብ የወፍ ዋሻ ደን አለ፤ ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ለምሰሶና ለማገር ስለሚበቃ በዚያ በኩል ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ነው። ወጋግራው ይተከላል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ሜዳው ላይና መንዝ ውስጥ እንጨት ብርቅ ነው፤ ድንጋይ ግን ከማሳው እየተለቀመ የሚጣል ሸክም ስለሆነ ቤቱ በድንጋይ ይካባል። ድንጋዩ በጭቃ እየተያዘ ከአንድ ክንድ በላይ ወፍሮ ስለሚቆም ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሳል። እንጨቱ ለጣራ ብቻ ይቆጠባል፤ ለማገዶም የሚነደው ኩበት ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉ መንደሮች በየደጁ ተከምሮ የሚታየው የኩበት ክምር የቤቱ ሀብት መለኪያም ነበር።

ጣራው የሚከደነው በሣር ሲሆን፣ የመንዝ ሰው ከሣር ሁሉ የሚመርጠው ጓሳን ነው። ጓሳ ቀጭን፣ ጠንካራና ውኃ የማያስገባ በመሆኑ ከገብስ ጭድ ክዳን ይልቅ ለብዙ ዘመን ይቆያል፤ ከዚሁ ሣር ገመድ ይገመዳል፣ ፍራሽ ይሞላል፣ የዝናብ መከላከያ ገሳም ይሠራል። እንዲህ የሚፈለግ ነገር ሁሉም እንደፈቀደ ካጨደው ያልቃልና ለጥበቃው ቀሮ የሚባል ሥርዓት ቆመ። በአገሩ ትውፊት መሠረት ሥርዓቱ የተጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ባለመብቶቹ የአቅኚ አባቶቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ናቸው። የጓሳው አምባ ለሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በተወሰነ ቀን ብቻ ይከፈት ነበር። ስለዚህ አንድ አባወራ ጣራውን መቼ እንደሚያድስ የሚወስነው ጎረቤቱና ቀሮው ጭምር ነበሩ። በአንድ ጣራ ክዳን ጀርባ ይህን ያህል ሕግ ያለበት አገር ብዙ አይገኝም። ሥርዓቱ በ1975 የመሬት አዋጅ ከፈረሰ በኋላም የአካባቢው ሕዝብ በኮሚቴ ጥበቃውን ቀጥሎ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው አምባ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል።

በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚገባ ሰው ሳይወድ በግድ አንገቱን ይደፋል። መስኮት ወይ የለም ወይ ከመዳፍ አይሰፋም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፤ ጭሱም በበሩና በሣሩ መሐል እየተሹለከለከ ይወጣል። ዓይን የሚያስለቅሰው ይህ ጭስ ከንቱ አልነበረም፤ ማገሩንና ሣሩን ጥቀርሻ እያለበሰ ከነቀዝና ከምስጥ ይጠብቀዋል። ምድጃው መሐል ላይ ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ መደብ ይዞራል። መደብ ወንበርም አልጋም ነው። ሴቶች በእበትና በጭቃ ለቅልቀው ያለሰልሱታል፤ ለበዓል ሲሆን በቀለም አፈር ይደግሙታል። በላዩ ጀንዲ ወይም አጎዛ ይነጠፋል። ከበሩ ራቅ ብሎ ወደ ምድጃው የቀረበው የመደብ ጫፍ የክብር ቦታ ነው፤ ቄሱ፣ አማቹና ሽማግሌው እዚያ ይቀመጣሉ። ወጣት በበሩ በኩል፣ ልጅ ደግሞ ከመሬት ነው። የጠፍር አልጋ ያለው ቤት ጥቂት ሲሆን ባለቤቱም አባወራው ነው።

ክፍል የሚከፍል ግድግዳ የለም። ጓዳውን ከሰው መቀመጫው የሚለየው ከጭቃና ከእበት በሴቶች እጅ የሚገነባው ጎታ ነው። ሰውን የሚያህለው ይህ የእህል ማስቀመጫ ሳይደርቅ በጣት እየተጫነ መስመርና ክብ ይወጣበታል፤ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የሠሪዋ ጣት አሻራ የሚታወቅበት እርሱ ነው። ከብቱም ሌሊት እዚያው ያድራል፤ ከጥጆቹ በላይ በተሠራው ቆጥ ላይ ልጆችና እረኞች የሚተኙት የከብቱ ትንፋሽ ስለሚያሞቃቸው ነው። ይህን አሠራር የኋላ ዘመን ተመልካቾች የድህነት ምልክት አድርገው ጽፈውታል፤ ያለ ማገዶ ቤት ለማሞቅ ግን ከዚህ የረከሰ ብልሃት አልተገኘም።

ከዕቃው ሁሉ ሰሜን ሸዋን ከሌላው ደጋ የሚለየው ሱፉ ነው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሸካራና ረጅም ነው። ሴቶች ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ባና አድርጎ ይሠራዋል፤ ጥቁሩ ደግሞ በርኖስ ይሆናል። ባና ቀን ይለበሳል፣ ሌሊት ይደረባል፣ እንግዳ ሲመጣ መደብ ላይ ይነጠፋል። ቀለም አይነከርም፤ ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ቡኒውና ግራጫው ከበጉ ጀርባ እንደወረደ ነው። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የተሰኘ መጽሐፍ ለመንዝ ሰፊ ቦታ የሰጠ ሲሆን፣ የድንጋይ ቤቱና የሱፍ ልብሱ የአገሬው መታወቂያ ሆነው ይታዩበታል።

የቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ከዚህ የሚለየው በስፋትና በሀብት እንጂ በአሳብ አልነበረም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (1813–1847) በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ይቀመጡ ነበር። በ1841 ከሕንድ የመጣው የብሪታንያ መልእክተኛ ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በአንኮበር አጠገብ በመሐል ወንዝ ሲቀበሉት ያየውን በ1844 ባሳተመው መጽሐፍ ዘርዝሮ ጽፏል። አዳራሹ ክብ ነው። ግድግዳው በብር ጌጥ፣ በጋሻና በጠመንጃ ያብረቀርቃል፤ ወለሉ መጠኑና ቀለሙ ልዩ ልዩ በሆነ የፋርስ ምንጣፍ ተሸፍኗል። በግራና በቀኝ ወደ ውስጥ የገቡ ሁለት ሰፋፊ እልፍኞች አሉ። በአንደኛው እሳት ይንቦገቦጋል፤ ቦታውን የያዙትም ሥራ ፈት ድመቶች ናቸው። በሌላው ንጉሡ አበባ ባለው የሳቲን መቀመጫ ላይ በቬሉቶ መከዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መኳንንቱ እንደየማዕረጋቸው ቆመዋል። ጋሻውና ምንጣፉ ሲነሣ የሚቀረው ያው የገበሬው ቤት ነው፤ ክብ ግድግዳ፣ እሳት፣ የክብር መቀመጫ።

መልእክተኛው ካመጣው ገጸ በረከት አንዱ አዳራሹን ዳር እስከ ዳር የሸፈነ የብራሰልስ ምንጣፍ ነበር። ለአካባቢው የቤት ታሪክ ከምንጣፉ የሚበልጠው ግን የብሪታንያ ሰዎች ከመሄዳቸው በፊት ለንጉሡ የሠሩት ቤት ነው። ሃሪስ «የጎቲክ አዳራሽ» ይለዋል። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የመካከለኛውን ዘመን ቤተ ክርስቲያን የሚመስል ሾጣጣ መስኮትና ጣራ ለመኖሪያ ቤት ሳይቀር ፋሽን ሆኖ ነበር፤ የለንደን ፓርላማም በዚሁ ስልት እንደገና የሚሠራበት ዘመን ነበር። ያ ፋሽን ጥቂት ዓመት ሳይዘገይ አንኮበር ደረሰ ማለት ነው። ውስጡ በድርብ መቀመጫ፣ በኦቶማን፣ በወንበር፣ በጠረጴዛ፣ በምንጣፍና በመጋረጃ ተሰናዳ። በመካከለኛው ክፍል ነብር አደንን የሚያሳዩ ትልልቅ ባለቀለም ኅትመቶች ተሰቀሉ። የሸዋ ሰው የተሟላ የአውሮፓ ሳሎን ሲያይ ከመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

የንጉሡ አስተያየት ቤቱን ቤተ ጸሎት ላድርገው የሚል ሆነ፤ ያማከሩትም ቁመተ አጭሩን አባ ራጉኤልን ነው። ሃሪስ ነገሩን እንደ ቀልድ አቅርቦታል። ንጉሡ ግን ትክክል ነበሩ። በሸዋ ከፍ ያለ ጣራ፣ ትልቅ መስኮትና በሥዕል የተሞላ ግድግዳ ያለው ቤት የእግዚአብሔር ቤት እንጂ የሰው መኖሪያ አይደለም። ሰው የሚያድርበት ቤት ጨለም፣ ጠበብና ሞቅ ያለ ነው። ወንበርም ቢሆን አንድን ሰው ከሌላው ለይቶ መሐል ሜዳ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መደብ ግን ሁሉንም አስደግፎ ጎን ለጎን ያሰልፋል። የመጀመሪያው የዘመናዊ ሳሎን ሙከራ ተከታይ ሳያገኝ ቀረ።

በዚያ ዘመን የእጅ ሥራ ክብር ማጣቱም አንድ ምክንያት ነው። በአንኮበር አካባቢ ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩትና እንጨት የሚጠርቡት ጠይብ እየተባሉ የሚገለሉ፣ ቡዳ እየተባሉ የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ቤተ መንግሥቱ ይፈልጋቸዋል፣ ጎረቤት ይሸሻቸዋል። እንዲህ ባለ ኅብረተሰብ ውስጥ አናጢነት ከአባት ወደ ልጅ እየጎለበተ የቤት ዕቃ ስልት ሊፈጥር አልቻለም። የሴቶቹ ሥራ ግን፣ ስፌቱም ጎታውም ፈትሉም፣ ነቀፋ ስላልነበረበት ውበት የገባው በእነርሱ በኩል ነው።

ከ1865 በኋላ ምኒልክ በአንኮበር ሲነግሡ የውጭ አገር ባለሙያዎችን መጥራት ጀመሩ። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በ1879 የደረሰው እዚያው ነው። ይሁን እንጂ ቤተ መንግሥቱ በ1880ዎቹ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ስለሄደ ለአንኮበር ሊውል የነበረው አዲስ ነገር ሁሉ ከእርሱ ጋር ሄደ። የቤት ፋሽን ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን ሸዋ የሚመጣው ከአዲስ አበባ በሁለተኛ እጅ ነው።

በሁለተኛ እጅ ከመጡት ነገሮች ቤቱን ከሥሩ የለወጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1890ዎቹ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ የሚያድግ፣ ቀጥ ያለና ረጅም እንጨት በመሆኑ ዛፍ አልባው የደብረ ብርሃን ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ምሰሶና ወራጅ አገኘ። ሁለተኛው ቆርቆሮ ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ እየበዛ መጣ። ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ነው፤ ክብ ቤት በእርሱ ሲከደን ብክነቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ቤቱ ራሱ አራት ማዕዘን ሆነ። ማዕዘን ያለው ቤት ደግሞ በቀላሉ ይከፈላል፤ ከጎታው ይልቅ ግድግዳ ጓዳውን ለየው፣ መኝታ ክፍል የሚባል ነገር መጣ። ምድጃው ከመሐል ተነሥቶ ወደ ጓሮ ማድ ቤት ሄደ። ጭሱ ወጣ፤ ሙቀቱም አብሮት ወጣ።

ይህ ለውጥ በደብረ ብርሃን ቀላል አልነበረም። የሣር ጣራ ሌሊቱን ሲያሞቅ ቆርቆሮ ውርጩን በቀጥታ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል፤ ከውስጥ በኩል ያረገዘው ጤዛ ማለዳ ጠብ ጠብ ይላል። መፍትሔው ኮርኒስ ሆነ። መጀመሪያ አቡጀዴ ወይም ማዳበሪያ ጨርቅ ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ በሚስማር ይመታል፤ በላዩ ጄሶ ወይም ኖራ ይቀባል። ዝናብ ያፈሰሰበት ቦታ ቡኒ ካርታ ይሥላል፤ ሌሊት አይጥ ሲሮጥበት ከታች ጨርቁ ሲረግብና ሲነሣ ይታያል። ለግድግዳው ንፋስ ደግሞ ጋዜጣ ተገኘለት። በ1941 መታተም የጀመረው «አዲስ ዘመን» በሊጥ እየተለጠፈ የብዙ ጭቃ ቤት የውስጥ ልብስ ሆነ። ፊደል የቆጠረ ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ የዐሥር ዓመት ዜና የሚያነበው ከግድግዳው ነው፤ አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ተዘቅዝቆ ይለጠፋልና አንገቱን እያጣመመ።

ጣሊያኖች በ1936 ደብረ ብርሃንን ሲይዙ ያመጡት ለቤት ታሪክ ዋናው ነገር መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና መንገድ በጣርማ በር ተራራውን በዋሻ በስቶ አለፈ። ከነፃነት በኋላ ሲሚንቶ፣ መስታወት፣ የመስኮት ብረትና የቤት ዕቃ የሚመጣው በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ መራቋ አዲሱን ስልት ከብዙ የሰሜን ከተሞች ቀድማ እንድታይ አደረጋት።

ያ አዲስ ስልት የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዘመናዊነት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ ጌጥ የተቀነሰበት፣ ጣራው ዝቅና ዝርግ ያለ፣ መስኮቱ ግድግዳ የሚያህል ቤት ተወደደ። የቤት ዕቃውም ከታጠፈ ስስ እንጨትና ከብረት ቱቦ የተሠራ፣ እግሩ ቀጭን፣ ከመሬት ብዙ የማይርቅ ሆነ፤ ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1956 ያወጡት የቆዳ ወንበር ዛሬም ይመረታል። አዲስ አበባ ለዚህ ስልት ሩቅ ተመልካች አልነበረችም። የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ተቋም በ1954 ተከፈተ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ሾሜት፣ ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ፣ እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ከኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስ ጋር ሆነው ከተማዋን በዘመናዊ ሕንጻ ሞሏት። ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ሲመረቅ ወንበሩና ጠረጴዛው ሳይቀር ለዚያው ሕንጻ ተብሎ የተሠራ ነበር፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1963 የተመሠረተው እዚያ ነው። አዳራሹ ከነዕቃው ታድሶ በ2024 እንደገና ተከፍቷል።

በዚህ ሕንጻ ውስጥ አንኮበርም አለች። በመግቢያው ላይ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለሦስት ክፍል የመስታወት ሥዕል የሠራው አፈወርቅ ተክሌ በ1932 የተወለደው በአንኮበር ነው። ምሕንድስና እንዲማር በ1947 እንግሊዝ አገር ቢላክም ወደ ሥነ ጥበብ ዞሮ በለንደኑ ስሌድ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ዐውደ ርእዩን አሳየ። ለራሱ የነደፈው መኖሪያ፣ ስቱዲዮና የሥዕል ማሳያ የሆነው ቪላ አልፋ በአገሪቱ ካሉት የዚያ ዘመን ቤቶች ሁሉ ለመመልከት የሚያጓጓ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌሎች ሕንጻ ሠሪዎች ሲሚንቶና መስታወት ብቻውን እንዲናገር ሲተዉት፣ አፈወርቅ ከጎንደር ግንቦች ቅርጽ ተበድሯል። ንድፉን የዘመኑ አርክቴክቶች ቢያዩት ወደ ኋላ የተመለሰ ሊሉት ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ሣህለ ሥላሴን የገጠማቸውን ጥያቄ፣ የውጭን ስልት በአገር አካል ላይ እንዴት ማልበስ እንደሚቻል፣ በድፍረት የመለሰ ቤት ነው። ሠዓሊው በ2012 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

በደብረ ብርሃን ዘመናዊነቱ ትሑት ሆኖ ነው የታየው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የአውራጃ ሹም፣ ዳኛ፣ ነጋዴና የፋብሪካ ኃላፊ የሚሠራው ቪላ በአካባቢው ጥቁር ድንጋይ መሠረቱ ተነሥቶ፣ ከፊት በረንዳ፣ በረንዳው ላይ በቀይ ቀለም የተወለወለ ሊሾ፣ ከኋላ ሰርቪስ ቤት ያለው ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ መስታወቱ ስስ ነው። ቤቱ ሙሉ ቀን በፀሐይ ይሞቃል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከባድ መጋረጃ ካልተጋረደ አይኖርበትም። የውጭ አገር መጽሔት መስታወቱን ያለ መጋረጃ እያሳየ የሚያደንቀው ቤት እዚህ ሲደርስ መጋረጃው የቤቱ ዋና ጌጥ ሆነ።

ሳሎኑን ያየ ሰው ሁሉም ዕቃ አዲስ መሆኑን ያያል። ሶፋ አለ፣ እጀታው የእንጨት፣ እግሩ ሾጠጥ ያለ። መሐል ጠረጴዛ አለ። ቡፌ አለ፤ በመስታወቱ ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ለዓመት በዓል ካልሆነ አይወጡም። ራዲዮው የራሱ ጠረጴዛና የራሱ ልብስ አለው። ኮመዲኖና ቁም ሣጥን መኝታ ቤት ገብተዋል። በሁሉም ላይ የቤቱ ሴቶች የሠሩት ዳንቴል ተነጥፏል፤ ቀጭንና ባዶ የነበረው የዘመናዊ ዕቃ ገጽ ነጭ ክር ለብሷል። ጌጥን የጠላውን ስልት ጌጥ ያለበሱት እነዚህ ሴቶች ጎታውን በጣታቸው ያስጌጡ እናቶች ልጆች ናቸው።

አደራደሩ ግን ጥንታዊ ነው። የዘመናዊው ስልት ፈጣሪዎች ወንበሩን ከግድግዳ አራቁት፤ ሁለት ሦስት ሰው ወደ መስኮት ወይም ወደ እሳት ዞሮ የሚጨዋወትበት ትንሽ ደሴት ሠሩ። የደብረ ብርሃን ሳሎን ሶፋውን በግድግዳው ዙሪያ አሰለፈው፤ መሐሉን ባዶ ተወው። ከበሩ ራቅ ያለው ባለሦስት ሰው ሶፋ ለቄሱና ለሽማግሌው፣ በበሩ በኩል ያለው ባለአንድ ወንበር ለልጅ እግሩ። የጭቃው መደብ ፈርሶ በእንጨትና በጨርቅ እንደገና ተሠራ ማለት ይቻላል። መሐሉ ባዶ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሞሰቡ የሚቀርበው፣ ቄጤማው የሚጎዘጎዘው፣ ረከቦቱ የሚዘረጋው እዚያ ነው። ቡና የምታፈላዋ ሴት ሶፋ ላይ አትቀመጥም፤ በርጩማዋ ላይ ናት።

ሱፉም ከዚህ ዘመን ጋር አብሮ ተራመደ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደብረ ብርሃን ላይ የተቋቋመው የሱፍ ፋብሪካ፣ በሕዝቡ አጠራር ብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ የከተማዋን ስም በየአገሩ አልጋ ላይ አነጠፈው። ብርድ የሚታወቅባት ከተማ ብርድ ልብስ መሥራቷ ለቀልደኞች ብዙ ወሬ ሰጥቷል። ከፋብሪካው ጎን ለጎን የእጅ ምንጣፍ ሥራ ተስፋፋ። የመንዝ በግ ጠጉር ለገላ ልብስ ሸካራ ቢሆንም ለምንጣፍ የሚፈለገው ያ ሸካራነት ነው፤ በእግር ሲረገጥ አይተኛም። በቁም ሸማኔ ዕቃ ላይ ድሩ ተወጥሮ ሱፉ በቋጠሮ እየተያዘ በመቀስ ይስተካከላል፤ ነጩና ጥቁሩ እንደ ባናው ዘመን ሳይነከሩ ይገባሉ። በዚያው ሰሞን እነ ለ ኮርቡዚዬ፣ አልቫር አልቶና ኢምሶች የሞሮኮ በርበሮች የሚሠሩትን የቤኒ ዋራይን ነጭ የሱፍ ምንጣፍ በመስታወትና በብረት ቤት ውስጥ እያነጠፉ ያደንቁ ነበር። የመንዝ ባና ከዚያ ምንጣፍ የሚያንስበት ነገር አልነበረም፤ የሚያውቀው ስላልተገኘ ብቻ ቀረ። በደብረ ብርሃን ሳሎን ውስጥም ክብር የሚሰጠው ከውጭ ለመጣው ባለቀለም ምንጣፍ ነበር፤ ባናው ወደ መኝታ ቤት ገባ።

የቪላው ዘመን አጭር ሆነ። ጁላይ 26 ቀን 1975 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ቀረ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ወደ ቀበሌ ሲዞሩ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሥር ገቡ። ኪራዩ ወርዶ ስለነበር ለድኻ ተከራይ እፎይታ ነው፤ ለቤቱ ግን ባለቤት ጠፋ። ሊሾው ሲሰነጠቅ የሚደፍነው፣ የመስኮቱ ብረት ሲዝግ የሚቀባው አልተገኘም። ሰፊው ሳሎን በኮምፖንሳቶ ተከፍሎ ሁለት ቤተሰብ ገባበት፤ በረንዳው ተከልሎ ክፍል ሆነ። የ1960ዎቹን ውስጠኛ ገጽታ በከተማዋ ሙሉ በሙሉ የያዘ ቤት ማግኘት የሚያስቸግረው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ያንን ዘመን ዛሬ የሚመሰክሩት ተበታትነው የቀሩ ዕቃዎች ናቸው። አንድ ቡፌ እዚህ፣ ሾጣጣ እግር ያለው ወንበር እዚያ።

ከ2000ዎቹ ወዲህ ደብረ ብርሃን በፍጥነት አደገች። ዩኒቨርሲቲው በ2007፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2019 ተከፈተ። አዲሱ ቤት ብሎኬትና አርማታ ነው፤ ባለአንድና ባለሁለት ፎቅ፣ ፊቱ አልሙኒየምና ባለቀለም መስታወት። ኮርኒሱ ጂፕሰም ሆኖ ደረጃ ደረጃ ተሠርቶ መብራት ተቀብሮበታል፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ብሎኬት ከጥንቱ የድንጋይ ግድግዳ ይቀጥናል፤ ሴራሚክ ለእግር ከጭቃ ወለል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና ወፍራም ምንጣፍ ለዚህ ቤት የግድ ሆነዋል። ማዕዘን የሚይዘው ኤል ሶፋ ከሌሎቹ የውጭ ዕቃዎች ይልቅ ቶሎ የተወደደውም ግድግዳውን ተከትሎ መሐሉን ባዶ ስለሚተው ነው። ማድ ቤቱ ሁለት ሆኗል፤ አንደኛው ካቢኔት ያለው፣ እንግዳ የሚያየው፣ ሌላው እንጀራ የሚጋገርበት የጓሮው።

የሱፉ ነገር አሁንም አልተዘጋም። የመንዝን በግ ለማሻሻል በ1980 የአዋሲ ዝርያ ከእስራኤል መጥቶ በአካባቢው ማራቢያ ጣቢያዎች ተዳቅሏል፤ ዋናው ግብ ግን ሥጋውና የበጉ ግዝፈት ነው። በእጅ ተቋጥሮ የሚወጣው ምንጣፍ በዋጋ ከማሽን ሥራው ሰው ሠራሽ ምንጣፍ ጋር መወዳደር ስለማይችል ገበያው የአዲስ አበባ ገዢ፣ ጎብኚና የውጭ አገር ሰው ሆኗል። መደቡ፣ አጎዛውና ሞሰቡም እንዲሁ በባህል ምግብ ቤቶችና በሎጆች ውስጥ ለእንግዳ ማሳያ እየተሠሩ ነው፤ በአንኮበር የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ባለበት ኮረብታ ላይ ያለው ሎጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። የመንዝ ገበሬ ግን ቆርቆሮ ከከደነ በኋላም የድንጋይ ግድግዳውን አልተወም፤ ጓሳውንም ለማድ ቤቱና ለከብቱ ጣራ ያጭዳል።